ዲ ላይ የነበረው ድምፅ

ሶያማ ሲፒዩውን በአባቷ ጋቢ ጠቅልላ በባጃጅ ወደ ሐምዱ ሱቅ ያመጣችው በ2008 ዓ.ም. ጥር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር። ቡራዩ ግን ገና አልረጋችም። ባለሱቆች መዝጊያቸውን ገርበብ አድርገው ነበር የሚሠሩት። ከሰዓት በኋላ ታክሲ ይጠፋል። አስፋልቱም ጎማ የተቃጠለበት ቦታ ላይ እንደጠቆረ ነው።

ሐምዱ በዋናው መንገድ ዳር ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጠ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሳና ኮምፒውተር እየጠገነ የሚኖር የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚሁ ጨርቅ ሲነግዱ ነው የተወለደው። ኦሮምኛን ከአማርኛ እኩል ይናገራል። ሰው ለጥገና የሚያምነው በእጁ ሙያ ብቻ አልነበረም፤ በኮምፒውተር ውስጥ ያየውን የማያወራ ሰው በመሆኑም ጭምር ነው። የሰርግ ቪዲዮ፣ የፍቺ ማመልከቻ፣ የሐኪም ውጤት፣ ስንቱ በእጁ አልፏል።

ኮምፒውተሩ የሶያማ ወንድም የጋሮማ ነው። ጋሮማ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያገለገለ ዴስክቶፕ አዲስ አበባ ሲገዛ መርጦ የሰጠው ራሱ ሐምዱ ነው። ዩኒቨርሲቲው በረብሻው ተዘግቶ ቤቱ በተቀመጠበት ታኅሣሥ ወር፣ ከመንገድ ላይ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተወሰደ። የት እንዳለ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። አሁን እሑድ እሑድ የእስር ቤቱ ጠባቂዎች ስንቅ ይቀበሉላቸዋል፤ እሱን ግን አያሳዩአቸውም።

ሶያማ ሲፒዩውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ምን እንደሆነ ነገረችው። መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግር ሰንብቶ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሲከፈት ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ተመልሶ ይጠፋል። ሐምዱ አይቶት ዊንዶውሱ እንደተበላሸና እንደገና መጫን እንዳለበት ነገራት። እሷ ግን የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ነው።

"ዲ ላይ የአባባ ዳኜ ድምፅ አለ" አለች። "ጋሮማ ነው የቀዳው። ሌላው ይጥፋ ግድ የለኝም። እሱ ብቻ እንዳይነካ። ሐሙስ መሬቱን ሊለኩ ይመጣሉ።"

ዳኜ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ኅዳር ላይ ነው የሞቱት። የቤተሰቡ የላይኛው ማሳ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው ተዳፋት ላይ ያለው፣ በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ አልተመዘገበም። የተመዘገበው የታችኛው ብቻ ነው። የልኬት ኮሚቴው የላይኛውን የወል መሬት ነው ብሎ ሊይዘው ነበር፤ የወል ከተባለ ደግሞ ለሚሠራው አዲስ ሠፈር ይሰጣል። ድንበሩ ሲተከል በቦታው ከነበሩት ሰዎች በሕይወት የቀሩት ዳኜ ብቻ ነበሩ። ጋሮማ ይህ ነገር እንደሚመጣ ስለታየው፣ ጥቅምት ላይ አጎቱን ይዞ ማሳው ላይ ወጥቶ፣ ሽማግሌው ድንበሩን እየተራመዱ ሲናገሩ በስልክ ቀዳቸው። ስልኩ ከእሱ ጋር ተወስዷል። የቀረው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነው።

ሐምዱ ይኼ ቀላል ነው አላት። ውሸት አልነበረም። ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ዊንዶውስ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው፣ የባለቤቱ ዕቃ ዲ ላይ። ሲን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሲጭን ዲን መንካት አያስፈልገውም። ለጥንቃቄ ደግሞ አስቀድሞ ዲን ወደ ራሱ ዲስክ መገልበጥ ልማዱ ነው። ከሰዓት መጥተሽ ትወስጃለሽ ብሎ ሸኛት።

ከሄደች በኋላ ኮምፒውተሩን በራሱ ፍላሽ አስነሳውና ዲን ከፈተ። ሁሉም ነገር አለ። ከመገልበጡ በፊት አንዱን ፋይል ከፍቶ መፈተሽም ልማዱ ነው፤ ቫይረስ አንዳንዴ ስሙን ትቶ ውስጡን ያበላሻል። የድምፁን ፋይል ከፈተ።

መጀመሪያ የነፋስ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የእግር ኮቴ፤ ከዚያ ሳል። ከዚያም ሽማግሌው በኦሮምኛ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ መናገር ጀመሩ። እዚህ ምንጩ ነው። ምንጩን በግራ ትተህ ሽቅብ ትወጣለህ። ዋንዛው ጋ ስትደርስ ትቆማለህ፤ ዋንዛውን የተከለው አባቴ ነው። ከዋንዛው ፊትህን ወደ ፀሐይ መግቢያ ታዞራለህ፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ። ለመፈተሽ ግማሽ ደቂቃ ይበቃው ነበር። ሐምዱ ግን እየሰማ ቀጠለ። ሽማግሌው በየቦታው ቆም እያሉ እዚያ የነበሩትን ሰዎች ስም ይጠራሉ፤ የሞቱትን ሁሉ። ከተሰነጠቀው ድንጋይ ቁልቁል፣ ውሃ የቦረቦረውን ቦይ ይዘህ…

እዚህ ላይ ጎረቤቱ ኡበይድ በሩን ገፍቶ ገባ። ኡበይድ ከጎኑ ብስኩትና የታሸገ ውሃ የሚሸጥ፣ ወሬ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው። ሐምዱ ድምፁን ዘጋው። ኡበይድ በሹክሹክታ፣ አሸዋ ሜዳ አንድ የኮምፒውተር ሠሪ ከነዕቃው ተወሰደ አለው፤ የሰልፍ ፎቶ አግኝተውበት ነው ይባላል። ማን እንደነገረው ሲጠይቀው ሰው ነው አለ። "አንተ ዘንድስ ምን አለ?" ብሎት ወጣ።

ሐምዱ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከድምፁ ፋይል በታች ፎቶዎች ነበሩ። ከፈታቸው። ወጣቶች አስፋልቱን ሞልተው፣ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ይሄዳሉ። ፊታቸው ሁሉ ይለያል። መሀል ላይ ጋሮማ አለ። ቀና ሲል በመዝጊያው ክፍተት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ፖሊስ የጫነ ፒካፕ ቆሞ አየ። ሁለት ፖሊሶች ወርደው ወደዚህ ይሻገራሉ።

ሌላ ባዶ ፍላሽ በእጁ ነበር። የድምፁን ፋይል ብቻ መገልበጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶዎቹን ብቻ ማጥፋትም ይችል ነበር። እሱ ግን የመጫኛ ፕሮግራሙን ከፈተ፤ ሲንም ዲንም አንድ ላይ ሰረዘ። ከዚያም ፈጣኑን ሳይሆን ሙሉውን ፎርማት መረጠ። ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል። ፈጣኑ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ በኋላ ሰው ቢፈልግ ያገኛል። ሙሉው ግን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። ሐምዱ የፈለገው ምንም እንዳይገኝ ነው።

ሁለቱ ፖሊሶች ኡበይድ ሱቅ ገቡ። ውሃና ብስኩት ገዝተው ተመለሱ። ፒካፑ ወደ ከታ ሄደ።

ሐምዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ ያይ ነበር። አሁን ቢያቆመው ከጫፍ የተረፈ ይኖር ይሆናል ብሎ አሰበ፤ እጁን ግን አላነሳም። ካቆመው የሠራውን ነገር ማየት ሊኖርበት ነው። ሲያልቅ ዊንዶውስ ጫነ፣ የኦሮምኛና የአማርኛ መጻፊያ ጫነ፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ ጫነ።

ከሰዓት ሶያማ ስትመጣ ዓይኗን ሳያይ ዲስኩ ተበላሽቶ እንደነበረ ነገራት። ሲ ተርፏል፣ ዲ ግን ተጎድቶ ነበር፤ ጨርሶ አልከፈት አለኝ አላት። ሶያማ አልጮኸችም። አዲስ አበባ የሚያወጣው ሰው ይኖር እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። የለም አላት። ከዚያ ፊቷን አይቶ፣ እስከ ነገ ልሞክር ተይው አለ። ይህንንም ያለው ከፊቱ እንድትሄድለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ግን እውነትም ሞከረ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ነበረው፤ አራት ሰዓት ሙሉ አስኬደው። ፕሮግራሙ ያወጣው እሱ ራሱ ትናንት የጫናቸውን ነገሮች ብቻ ነው።

ቀትር ላይ የሶያማ አባት ኦቦ ኩምሳ ኮምፒውተሩን ሊወስዱ መጡ። ሐምዱ ከመቀመጫው ተነስቶ አከም ጂርቱ አላቸው። እሳቸውም አከም ጂርታ ብለው፣ ስለ ሚስቱ ስለ ሬሐና፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ድንጋይ ሲወረወር በነበረበት ቀን፣ ሐምዱ ቤተሰቡን ይዞ ሱቁን ሲዘጋ፣ ኦቦ ኩምሳ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው የሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። የሚመጣውን ወጣት ሁሉ፣ ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ይህ የቤቴ በር ነው፣ እለፉ እያሉ ይመልሱ ነበር። ማምሻውን ወገቤን ጨረሰው ብለው ሳጥኑን ረገሙ እንጂ ሌላ ነገር አላነሱም።

ሐምዱ አለመሳካቱን ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምን ታደርጋለህ ልጄ" አሉት። "ዕቃ ነው። ያረጀ ዕቃ። ሰውም ይሞታል።" እሱ ያዘነ መሰላቸውና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ከዚያ አንድ ነገር ለመኑት። ኮሚቴው ድምፅ ተቀድቶ ነበር ብንል አያምነንም፣ ፈጠራችሁ ይለናል፤ ነገ መጥተህ ኮምፒውተሩ እንደነበረና እንደተበላሸ ብቻ ንገርልን አሉት። "አንተን ያምኑሃል። ሰው ሁሉ ያውቅሃል።"

ሐምዱ እሺ አለ። ቤቱ ገብቶ ለሬሐና ኦቦ ኩምሳ ለምስክርነት እንደጠሩት ሲነግራት፣ መጠየቅስ ነበረባቸው እንዴ፣ ሳትጠራም መሄድ ነበረብህ አለችው። የቀረውን አልነገራትም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ተዳፋቱን ወጡ። ሐምዱ ከዚያ በፊት በዚህ በኩል መጥቶ አያውቅም። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሜትር የሚይዝ፣ መዝገብ የሚይዝ፣ እና እውነቱ የሚባለው ሰብሳቢ። እውነቱ በዚያ ሰሞን ከየማሳው ስድብ ሲጠጣ የከረመ፣ ድካም ፊቱ ላይ የሚታይ ጎልማሳ ነው። ማሳው የሚዋሰናቸው ሁለት ጎረቤቶች፣ ጥሩሰውና ደጊቱ የሚባሉ ገበሬዎች፣ መጥተው ቆመዋል። ሶያማ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጥታለች፤ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት።

እውነቱ በኦሮምኛ ጠየቀ፣ ሰዎቹም መለሱ። ጎረቤቶቹ ይህ መሬት የኩምሳ እንደሆነ ሲባል እንደሰሙ፣ ወሰኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን እንደማያውቁ ተናገሩ፤ ሲተከል ልጆች ነበሩ። የኦቦ ኩምሳን ቃል ባለጉዳይ ስለሆኑ አልመዘገበውም። ከዚያ ወደ ሐምዱ ዞረ።

"ኮምፒውተሩን የሠራኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ድምፅ ነበረበት ይላሉ።"

ሐምዱ ዲስኩ ተበላሽቶ እንደመጣ መናገር ጀመረ። ቃሉ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በአፉ ስለተዘጋጀ ሳይደናቀፍ ወጣ። እውነቱ ግማሹን ሰምቶ እጁን አነሳ።

"እንግዲያስ አንተም አልሰማኸውም ማለት ነው" አለ፤ መዝገብ ለያዘውም፣ ማስረጃ አልቀረበም ብለህ ጻፍ አለው።

ኦቦ ኩምሳ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጡ። "ነበረ ነው የሚልህ። ይኼ ልጅ ሐሰት አያውቅም" አሉ።

ሐምዱ መሬት መሬት አየ። ጫማው ላይ የእርሻ አፈር ተጣብቋል። ዝም ቢል ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ማንም አይጠይቀውም፤ ኦቦ ኩምሳም እያመሰገኑ ይሸኙታል። ምስጋናቸውን ሲያስበው ጆሮው ድረስ ጋለበት።

"ሰምቼዋለሁ" አለ።

መዝገብ የያዘው ሰው መጻፉን አቆመ። ቀድማ የተናገረችው ሶያማ ናት።

"አልከፈት አለኝ አላልከኝም?"

"ተከፍቶ ነበር። ዲስኩ ደህና ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"በስህተት?"

ሐምዱ አዎ ለማለት አፉን ከፈተ፤ ግን አላለውም። "በስህተት አይደለም" አለ።

ሁሉም ይጠብቁት ነበር። እውነቱ ለምን ሲል ጠየቀው። ምክንያቱ አንድ ነው፣ እሱንም በሦስት ቃል መናገር ይቻላል። ግን ፎቶ ስላለ ፈራሁ ቢል፣ መዝገብ በያዘው ሰው ፊት፣ ጋሮማ ታስሮ ባለበት፣ ፎቶው የማን ነበር ይባላል። ሐምዱ ይህን ሲረዳ፣ ለራሱ ያስቀመጠው ብቸኛ ማመካኛ ከእጁ ወጣ።

"ሰነፍኩ" አለ። "መገልበጡ ጊዜ ይወስዳል ብዬ ሁሉንም ጠረግሁት። በኋላ አፈርኩና ተበላሸ አልኩ።"

ሶያማ ፊቷን አዞረች። ጥሩሰው ለደጊቱ አንድ ነገር ሹክ አላት፤ እሷም ሐምዱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ኦቦ ኩምሳ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

እውነቱ ትንሽ አሰበና ሐምዱን ይህን ቦታ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። መጥቼ አላውቅም አለ። እዚህ አገር ድንበር ላይ የመሰከረ ሰው ቆሞ አይናገርም፤ ከፊት ሆኖ በእግሩ ይሄድበታል፣ ሌላው ከኋላ ይከተለዋል። ካልሄደበት ቃሉ እንደቃል አይቆጠርም። እውነቱ ይህን ልማድ ያውቃል፤ ለመዝገቡም የተሻለ መንገድ አላገኘም።

"እንግዲያስ ሰማሁ ካልክ ቅደም" አለው። "ምራን።"

ሐምዱ ምንጩን ፈልጎ አገኘው። በግራው ትቶት ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ሰባት ሰው ከኋላው ይከተለዋል፤ ኮቴያቸውና የሜትሩ ሽቦ መሬት ሲፍቅ ብቻ ይሰማል። ጀርባውን ላብ አጠመቀው። ከፊት መሄድ የክብር ቦታ ነው፤ እሱ ግን ከኋላቸው ሆኖ ቢሰድቡት በመረጠ። ዋንዛው ጋ ሲደርስ ቆመ። ዳኜ ያሉትን በኦሮምኛ፣ እንዳሉት አድርጎ ተናገረ፤ ዋንዛውን የተከለው አባቴ ነው። ከዚያ የጠሯቸውን ሰዎች ስም ጠራ። ሁለቱን ስም ዘንግቶ ነበር፤ ኦቦ ኩምሳ ከኋላ ሆነው ሞሉለት። ድምፃቸው ወትሮ ከሚያውቀው የተለየ አልነበረም፤ ያም ባሰበት።

ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያ አዞረ። ድንጋዩ ሳር ውጦት ስለነበር አልታየውም፤ ወዲያ ወዲህ ሲል አፈረ፣ ሰዎቹም ቆመው ጠበቁት። በእግሩ ሳሩን ሲገፈትር አገኘው፤ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ እሾህ የበቀለበት። እውነቱ ጎንበስ ብሎ አየውና ችካል አስመታ። መዝገብ የያዘውን ሰው፣ ቦታውን የማያውቅ ምስክር በሰማው መርቶ አሳይቷል ብለህ ጻፍ አለው። ደጊቱ እስከዚህ ድረስ ተቃውሞ የለኝም አለች። ጥሩሰውም የለኝም አለ።

ከድንጋዩ ቁልቁል የተቦረቦረውን ቦይ ይዞ ወረደ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። ቦዩ እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ ይሄዳል፤ ሌላው በቀጥታ ይወርዳል። በሁለቱ መሀል ጥሩ፣ ጥቁር አፈር ያለው መሬት አለ፤ የማሳው ሲሶ ይሆናል።

"ቀጥል" አለው እውነቱ።

"ከዚህ በኋላ አልሰማሁም።"

"ተቀድቶ አልነበረም?"

"ተቀድቶ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ዘጋሁት።"

ኦቦ ኩምሳ ቀርበው አጠገቡ ቆሙ። ማጥፋቱን ከተናገረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩት። "ቦዩን ይዘህ ካለ በኋላ ምን አለ ወንድሜ?" አሉት። አልተቆጡም፤ ይጠይቁት ነበር።

"አላውቅም ኦቦ።"

"አንድ ቃል?"

"ምንም። እዚህ ላይ ነው የዘጋሁት።"

እውነቱ ወደ ቀኝ የሚሄደውንም፣ በቀጥታ የሚወርደውንም አየ። ያልተመሰከረበትን መመዝገብ እንደማይችል ተናገረ፤ ሲናገርም ኦቦ ኩምሳን አላያቸውም። ችካሉን እዚያው ቦዩ የሚከፈልበት ላይ አስመታ። ከችካሉ ወዲህ ያለው በኩምሳ ስም ተያዘ፤ ከችካሉ ወዲያ ያለው የወል ተባለ።

"ወዲያ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ" አሉ ኦቦ ኩምሳ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ቀኝ የሚሄደውን ቦይ ይዘው፣ ዱላቸውን ከፊት እያስቀደሙ፣ ብቻቸውን መራመድ ጀመሩ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ እዚያ የነበሩትን ሰዎች ስም ይጠሩ ይሆናል። ከኋላቸው የተከተለ የለም። ሶያማ ብቻ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆማ ታያቸው ነበር።

መዝገብ የያዘው ሰው ወረቀቱን ለሐምዱ ዘረጋለት። እዚህ ጋ ፈርም አለው። ሐምዱ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ኮሚቴው ዕቃውን ሰብስቦ ወደሚቀጥለው ማሳ ወረደ፤ ጎረቤቶቹም አብረው ሄዱ፤ አንዳቸውም ደህና ዋል አላሉትም።

ሶያማ ሳትዞር፣ "የምትቆየው ለምንድነው?" አለችው።

እውነተኛውን ምክንያት አሁን ለእሷ መንገር ይችላል፤ የሚሰማ ሰው የለም። ከነገራት ግን ወንድሟን ምክንያት አድርጎ ይቅርታ መለመኑ ነው። ኦቦ ኩምሳ አሁንም ባሕር ዛፎቹን ይዘው ዝቅ ዝቅ እያሉ ይሄዱ ነበር።

"አባትሽ እስኪመለሱ ነው" አላት።

"ይቆያሉ። ዳሩ ሩቅ ነው።"

ሐምዱ ችካሉ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ።